በግዴታ የተጀመረ አገልግሎት

የመልካም ሥራ ዋጋ በፈቃድ መደረጉ ከሆነ፣ በሕግ ታዝዞ የሚፈጸም አገልግሎት ለነፍስ ምን ይጠቅማል? በዚህ እትም ይህን ጥያቄ በአንድ ምሳሌ እንመረምራለን።

በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ 9ኛ ክፍል የገቡ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ለመቀበል 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲፈጽሙ ተደንግጓል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። በቶሮንቶና በአካባቢዋ ያደጉ ብዙ የአገራችን ልጆችም በዚሁ ሥርዓት አልፈዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሰዓታቸውን በደንና በወንዝ ዳር ይፈጽማሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፣ ቆሻሻ ይለቅማሉ፣ መጤ አረም ይነቅላሉ።

ከአረሞቹ አንዱ ጋርሊክ መስታርድ ይባላል። ቅጠሉ ሲታሽ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከአውሮፓ ለምግብነትና ለመድኃኒትነት የመጣ ተክል ነው፤ ዛሬ ግን በደኑ ውስጥ ተስፋፍቶ የአገሩን አበቦች ያፈናቅላል፣ ለዛፎች ሥር የሚረዱትን የአፈር ፈንገሶችም ይጎዳል። በጸደይ፣ ዘር ሳያፈራ፣ ከነሥሩ መነቀል አለበት። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በአንድ ቀን ዘመቻ አይጠፋም። ስለዚህ የዘንድሮው ነቃይ በሚቀጥለው ዓመትም ያስፈልጋል። ሰዓቱ ተቆጥሮ ቢያልቅም ሥራው አላለቀም።

እንግዲህ ወደ ወንጌል እንመለስ። በፍኖተ መስቀል የምናስበው የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ለመሸከም አልጠየቀም። ከገጠር ሲመጣ ወታደሮች ይዘው አስገደዱት። ሆኖም ቅዱስ ማርቆስ የእርሱን ልጆች እስክንድሮስንና ሩፎስን በስም ይጠቅሳል (ማር. 15፥21)። ከዚህም የተነሣ ብዙ መምህራን ልጆቹ በምእመናን ዘንድ የታወቁ እንደ ነበሩ ይረዳሉ። በግዴታ የተጀመረው ሸክም ለቤተ ሰቡ የጸጋ በር ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። ጌታችንም አንድ ምዕራፍ መንገድ እንድንሄድ ለሚያስገድደን ሁለተኛውን እንድንጨምርለት አስተምሯል (ማቴ. 5፥41)። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሕግ ነው፤ ሁለተኛው የፍቅር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን ያልሄደ ወደ ሁለተኛው አይደርስም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ አዝናችሁ ያልተሠራን ሰዓት በወዳጅ እጅ አታስፈርሙ። ይህ በሐሰት መመስከር ነው፤ ከዚህም በላይ ልጁ ሊያገኝ የሚችለውን ሁለተኛ ምዕራፍ ይነጥቀዋል። ይልቁንስ አንድ ቀን አብራችሁት ውጡ፣ ከጎኑም ጎንበስ በሉ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት የእግዚአብሔርን ፍጥረት መጠበቅ ለክርስቲያን ሕይወት ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን ዋና ነገር መሆኑን አስገንዝበዋል። አዳምም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ትእዛዝ ቢሆንም ክብሩ ነበረ።

ለቤተ ሰብ መወያያ፦
1. በግዴታ ጀምረን በፍቅር የቀጠልነው ሥራ የትኛው ነው?
2. በአካባቢያችን ማንም ሳያዘን ልንጠብቀው የሚገባን ምንጭ፣ ደን ወይም መንገድ የቱ ነው?
3. የታዘዘው ሰዓት ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ብንጨምር ለማን ይሆናል?