ሞትን ስለ መሸሽና ሕይወትን ስለ መፈለግ



በአዲስ አበባ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በጀሞና በመካኒሳ ሰፈሮች ወጣቶች ገንዘብ ከፍለው የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወቱባቸው ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ በእግር ኳስ ጨዋታ ይወዳደራሉ፤ ሌሎቹ ግን ሰይፍ የታጠቀውን ጀግና ይዘው ከዘንዶ ጋር ይዋጋሉ። ጀግናው ቢሞት ወዲያው ይነሣል። ወላጅ አይቶ «ከንቱ ነገር ነው» ብሎ ያልፋል፤ እኛ ግን እንጠይቅ፤ ሰው በጨዋታው ስንኳ ከሞት ለማምለጥ የሚሻው ስለ ምንድር ነው?

ይህ ምኞት አዲስ አይደለም። በግዕዝ በተጻፈው በእስክንድር ታሪክ ውስጥ ብዙ መንግሥታትን ድል ያደረገው ንጉሥ የሕይወትን ውኃ ፍለጋ ወደ ጨለማ አገር ሄደ። የደረቀ ዓሣ በዚያ ውኃ ቢታጠብ ሕያው ሆነ፤ ውኃውን ያገኘው ግን ሌላ ሰው እንጂ ንጉሡ አልነበረም። ይህንም የግዕዝ መጽሐፍ ዋሊስ ባጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 ከነትርጕሙ አሳተመው።

ከዚያም 103 ዓመት ቈይቶ፥ በ1999፥ «ፕላንስኬፕ ቶርመንት» የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ በአሜሪካ ወጣ። የጨዋታው ጀግና ስሙን የማያውቅ ሰው ነው። ይህ ሰው ቀድሞ ኃጢአቱ ስለ በዛ፥ ለመካስ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃኝም ብሎ፥ ሟችነቱን እንድትለይለት አንዲት ጠንቋይ ለመነ፤ እንደ ለመነውም ሆነለት። ነገር ግን ሞቶ ሲነሣ ያለፈውን ይረሳልና፥ ሊክሰው ያሰበውን በደል ረሳው። ከዚህም የሚከፋው፥ እርሱ በሞተ ቍጥር ሌላ ሰው በእርሱ ፋንታ ይሞታል።

እንግዲህ አስተውል። ዕድሜ መርዘሙ ኃጢአትን አያጥብም፤ ልባችን ሳይለወጥ ሺህ ዓመት ቢሰጠን የምናበዛው በደልን ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 3 ሰው ከበደለ በኋላ ወደ ሕይወት ዛፍ የሚወስደው መንገድ መዘጋቱ ቍጣ ብቻ ሳይሆን ምሕረትም ነበረ፤ በኃጢአት ታስሮ ለዘላለም መኖር ሥቃይ ነውና።

የወንጌል መንገድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በጨዋታው አንዱ እንዳይሞት ብዙዎች ይሞታሉ፤ በቀራንዮ ግን ብዙዎች እንዲኖሩ አንዱ ሞተ። የዘላለም ሕይወትም፥ የዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 17 እንደሚያስተምረን፥ የዘመን ብዛት ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔርንና የላከውን ክርስቶስን ማወቅ ነው።

ወላጅ ሆይ፥ ልጅህን ከመቈጣትህ አስቀድመህ «ጀግናህ የሚፈልገው ምንድር ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ ለመልካም ነገር በር ይከፈትልሃልና።

ተማሪ ሆይ፥ ጨዋታ ሁሉ ኃጢአት ነው አንልህም። ነገር ግን ጀግናው ሺህ ጊዜ ቢነሣም፥ አንተ በዚያ ያሳለፍኸው ሰዓት አይመለስም። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠብቅ።

1ኛ፤ የትምህርትህንና የጸሎትህን ሰዓት አስቀድም።

2ኛ፤ እናትህ ለታክሲ የሰጠችህን ገንዘብ ለጨዋታ አታውል።

3ኛ፤ የበደልኸው ሰው ቢኖር፥ ለመካስ ረጅም ዕድሜ አትጠብቅ፤ ዛሬ ፀሐይ ሳትገባ ሄደህ ታረቅ።