ሙኒክ፦ ከቤቱ በፊት አድራሻው

ወደ ጀርመን ለትምህርት የሚሄዱ ልጆቻችን ጉልበታቸውን የሚጨርሱት በቅበላ ደብዳቤና በቪዛ ቀጠሮ ላይ ነው። የቤት ነገር «እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ በአንዳንድ ትናንሽ ከተሞች ያስኬድ ይሆናል፤ ሙኒክ ላይ ግን አያስኬድም። በጀርመን ኪራይ ከየትም በላይ የሚወደደው እዚያ ነው። በደባልነት የሚያዝ አንድ ክፍል እንኳ በአማካይ ወደ 800 ዩሮ ይጠጋል። በዚያ ላይ የክረምቱ ሴሚስተር የሚጀምረው በኦክቶበር መባቻ ሲሆን፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ኦክቶበርፌስት ስለሚከፈት የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ተማሪው ሻንጣውን ይዞ የሚደርሰው በዚሁ ሰሞን ነው።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ መጀመሪያ የምትፈልጉት የምትወዱትን ቤት ሳይሆን በሕግ የምትመዘገቡበትን አድራሻ ነው።

አድራሻ ለምን ይቀድማል

ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ለአካባቢው አስተዳደር መመዝገብ አለበት። ይህ ምዝገባ «አንሜልዱንግ» ይባላል። ለምዝገባው አከራዩ «ይህ ሰው እኔ ዘንድ ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ አከራዩም ወረቀቱን የመስጠት የሕግ ግዴታ አለበት። ከኢትዮጵያ ይዛችሁት የምትሄዱት ቪዛ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። እሱ ሳያልቅ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርባችኋል፣ የፈቃዱ መሠረት ደግሞ ይህ ምዝገባ ነው። ለትርፍ ሰዓት ሥራ የሚያስፈልገው የግብር መለያ ቁጥርም የሚመጣው በተመዘገባችሁበት አድራሻ ነው።

ስለዚህ «ክፍሉን አከራይሻለሁ፣ መመዝገብ ግን አይቻልም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ኪራዩ የቱንም ያህል ቢረክስ አትግቡበት። ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ ተከራይ ነው፤ ለባለቤቱ ሳያስታውቅ ነው የሚያከራየው።

እዚህ ላይ የእኛ ይሉኝታ ይጎዳናል። የዘመድ ወዳጅ «ልጄ፣ እኔ ጋ እረፊ» ብሎ ያስጠጋል፣ እንግዳዋም ከዚህ በላይ መጠየቅ ታፍራለች። በምስጋና አርፋ ሁለት ወር ያልፋል፤ የቪዛው ቀን እየቀረበ ይመጣል። ገና ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ቤት መመዝገብ እችላለሁ ወይ?» ይህ ድፍረት አይደለም። አስጠጊውም ከባለቤቱ ጋር ያለውን ውል እንዲያይ ጊዜ ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው ወር ሒሳብ

ተማሪው ለቪዛ የሚያሳየው ብሎክድ አካውንት ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ በዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል። ከዚህ ላይ በየወሩ የሚለቀቀው 992 ዩሮ ነው። አሁን አንድ ክፍል እንውሰድ። ኪራዩ 800 ዩሮ ሲሆን፣ 650ው ባዶ ኪራይ ማለትም «ካልትሚቴ» ነው፤ ቀሪው 150 ለማሞቂያ፣ ለውሃና ለመሳሰለው ይውላል። ሁለቱ አንድ ላይ «ቫርምሚቴ» ይባላሉ። ማስታወቂያ ስታነቡ የትኛው እንደተጻፈ ለዩ፤ ርካሽ የመሰላችሁ ዋጋ ካልትሚቴው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለአከራዩ የሚሰጠው ማስያዣም የሚሰላው በካልትሚቴው ነው። ሕጉ ከሦስት ወር ካልትሚቴ በላይ እንዲጠየቅ አይፈቅድም፤ በእኛ ምሳሌ ጣሪያው 1,950 ዩሮ ነው። ተከራይ ይህን በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው፣ ብዙ አዲስ መጪዎች ግን አያውቁትም። መብታችሁን ብትጠቀሙ እንኳ በመጀመሪያው ወር 800 ለኪራይ፣ 650 ለማስያዣ፣ ከ140 በላይ ለጤና መድን ትከፍላላችሁ። የሚለቀቅላችሁ 992 ነው። ምግብ ሳይገዛ፣ ባቡር ሳይሳፈሩ ወደ 600 ዩሮ ይጎድላል። ስለዚህ ከብሎክድ አካውንቱ ውጪ ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ መያዝ አማራጭ የለውም። ቤተሰብ ይህን ቁጥር ቀድሞ ማወቅ አለበት።

የተማሪ ዶርም

የከተማዋን የተማሪ ቤቶች የሚያስተዳድረው «ሽቱዲረንደንቬርክ» የሚባለው ድርጅት ነው። ኪራዩ ከግል ገበያው በእጅጉ ያነሰ ነው፣ ወረፋው ግን በሴሚስተር የሚቆጠር ነው። ቅበላችሁን ባገኛችሁ ቀን አመልክቱ፤ ቪዛ እስኪወጣ አትጠብቁ። የሚልኩላችሁን ኢሜይል ሁሉ ወዲያው መልሱ።

ከተማሪ መንደሮቹ ሁለቱን ልጥቀስ። «ሽቱዴንተንሽታት» በሰሜን ሙኒክ ያለ ትልቅ የተማሪ ከተማ ነው፤ በ2021 ከደረሰው የእሳት አደጋ በኋላ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች አንዳንዶቹ ባዶ ሆነው መቆየታቸው ወረፋውን አክብዶታል። ሌላው በ1972ቱ ኦሊምፒክ ሴት አትሌቶች ያረፉበት መንደር ነው። ዛሬ ተማሪዎች ግድግዳቸውን በቀለም ያስጌጧቸው ከ1,000 በላይ ትናንሽ ቤቶች አሉበት። ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘው በዚያው ኦሊምፒክ ነበር። በካቶሊክና በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የሚተዳደሩ ዶርሞችም አሉ፤ ለእነሱ ለየብቻ ማመልከት ያስፈልጋል።

በደባልነት መግባት

ብዙ ተማሪ የሚኖረው «ቬጌ» በሚባለው የጋራ ቤት ነው፤ ማስታወቂያው በብዛት የሚወጣው «ቬጌ ጌዙኽት» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። አንድ ጥሩ ክፍል ሲወጣ በሰዓታት ውስጥ የመልእክት ጎርፍ ይመጣል። የሚያነቡት ደባሎቹ ራሳቸው ናቸው። «የተከበራችሁ፣ ክፍሉ አሁንም አለ?» የሚል አንድ መስመር ሳይከፈት ይቀራል። ማስታወቂያውን እንዳነበባችሁ ይታወቅ፦ ሳሎን ውስጥ ፒያኖ አለ ካሉ ስለ ፒያኖው አንድ ቃል በሉ። ምን እንደምትማሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩ፣ ኪራዩን ከየት እንደምትከፍሉ ግለጹ። በጀርመንኛ አራት አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻላችሁ ጻፉ።

አከራዮች «ሹፋ» የሚባል የብድር ታሪክ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። አዲስ መጪ ይህ የለውም። በምትኩ የብሎክድ አካውንቱን ማረጋገጫ፣ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ፣ የቅበላ ደብዳቤና የፓስፖርት ቅጂ በአንድ ፋይል አዘጋጁ። ቅጂውን የምትሰጡት ግን ክፍሉን ካያችሁ በኋላ ነው። የውጭ አገር ስም ያለበት መልእክት ምላሽ የሚያጣበት ጊዜ መኖሩንም አልደብቃችሁም። ሕጉ በዘርና በትውልድ ምክንያት ቤት መከልከልን አይፈቅድም፤ ዝምታን በማስረጃ መርታት ግን ከባድ ነው። መድኃኒቱ ብዙ መላክ ነው።

አንድ ካሬ ሜትር፣ አንድ ሰዓት

ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት፣ ለእኛ ልጆች ግን የሚስማማ መንገድ አለ፤ «ቮነን ፊር ሂልፈ» ይባላል። በአንድ አዛውንት ቤት ትርፍ ክፍል ይሰጣችኋል፤ በኪራይ ፈንታ ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር በወር አንድ ሰዓት ታግዛላችሁ። ክፍሉ 15 ካሬ ከሆነ በወር 15 ሰዓት ማለት ነው። ገበያ መውጣት፣ ግቢ ማጽዳት፣ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ አብሮ ቡና መጠጣት ከሥራው ይቆጠራል። ሕመምተኛን ማስታመም አይጨምርም። የመብራትና የውሃውን ድርሻ ተማሪው ይችላል። በቂ ጀርመንኛ ይጠይቃል፣ ጸባይም መገጣጠም አለበት። አያቱን እያገዘ ላደገ ልጅ ግን ሥራው አዲስ አይሆንም፣ ቋንቋውም በዚያው ይሻሻላል።

ቁልፍ በፖስታ የሚልክ አከራይ

ማጭበርበሪያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ያማረ አፓርታማ በግማሽ ዋጋ ይወጣል። ባለቤቱ ለሥራ ለንደን ነኝ ይላል። የፓስፖርቱን ቅጂ ይልካል፤ ፓስፖርቱ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው። ማስያዣውን ስትልኩ ቁልፉ በፖስታ እንደሚደርሳችሁ ይነግራችኋል። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ሄዶ ማየት ስለማይችል ለዚህ የተመቸ ነው። የምታምኑት ሰው በአካል ገብቶ ሳያይ አንድ ዩሮ አትላኩ። የሚሄድ ሰው ከሌላችሁ ከግል አከራይ ጋር ከሩቅ አትዋዋሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከታወቀ ድርጅት፣ ምዝገባ የሚፈቀድበትን ጊዜያዊ ክፍል ያዙ፤ ቋሚውን እዚያ ሆናችሁ ፈልጉ።

ፍለጋውንም በከተማዋ ወሰን አታጥሩ። ጋርሺንግ፣ ፍራይዚንግና ዳኻው በባቡር ይደረሳሉ፤ አውግስቡርግም ለሚታገሥ ሰው ይሆናል። ከሙኒክ ወሰን ውጪ ከተመዘገባችሁ የመኖሪያ ፈቃዱን የሚሰጣችሁ የዚያ አካባቢ መሥሪያ ቤት መሆኑን ብቻ አስታውሱ።

ቁልፍ ስትረከቡ

ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ምድጃውን ፎቶ አንሡ፤ ጉድለቱን በርክክብ ወረቀቱ ላይ አስጽፋችሁ አስፈርሙ። ማስያዣችሁ የሚመለሰው በዚህ ማስረጃ ነው።

ሙኒክ ለቆያችሁ ወገኖችም አንድ ልመና አለኝ። ክፍል ስትለቁ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ለአከራያችሁ «የሚተካኝ ሰው አለ» በሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ለምታገኟቸውና በቴሌግራም ለሚጠይቋችሁ አዲስ መጪዎችም ንገሩ። ብዙ ጥሩ ክፍል ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ማስታወቂያ ሳይወጣበት ነው።