የጓዳው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ጥያቄ፦ ሞጣ ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ። በተለይ በገበያ ቀን ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ቅቤና ቢራ ይጎድላል። ካሜራ ላስገጥም ወይስ ጉድለቱን ከሁሉም ሠራተኞች ደመወዝ ልቁረጥ?

መልስ፦ ከደመወዝ መቁረጡን ይተዉት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይቀነስም፤ ሲቀነስም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ደግሞስ ያልወሰደችውን አስተናጋጅ መቅጣት ግፍ ነው።

መጀመሪያ ቁልፉን ይመልከቱ። የጓዳው ቁልፍ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ከዋለ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ለአንድ ሰው ያስረክቡ። ጠዋት ቅቤው ይመዘን፤ ቢራው ከነባዶ ጠርሙሱ ይቆጠር፤ ተረኛ ሲቀያየር አስረካቢም ተረካቢም ይፈርሙ። አስተናጋጅ ኩፖን ሳታቀርብ ከወጥ ቤትም ከባርም ምንም አይውጣ። ማታ ኩፖኑን ከቆጠራው ጋር ሲያመሳክሩ ጉድለቱ ባር ይሁን ጓዳ ይለያል።

የጓሮውን በር ከውስጥ ይቀርቅሩት፤ እንጨትና ከሰል የሚያስገባ ሲመጣ ብቻ ይከፈት። ካሜራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ለጓሮ በሩና ለገንዘብ መቀበያው ይበቃል። መብራት ሲጠፋ የሚያሠራው ባትሪ ከሌለው ግን ገንዘብዎን አያባክኑ።

በቴሌብር ለሚከፍል ደንበኛም በስልኩ የሚያሳየው መልእክት አይበቃም። ገንዘቡ በእናንተ ሒሳብ መግባቱን ገንዘብ ያዥዋ ራሷ አይታ ታረጋግጥ።