በአባያ ሐይቅ ነፋስና ጐርፍ ዓሣን ስለ መሰወራቸው

ከገሱባ ወደ ምሥራቅ ሁምቦን አልፎ የሚወርድ ሰው የአባያ ሐይቅ ውሃ እንደ ሸክላ ጭቃ ቀልቶ ያገኘዋል። ሐይቁ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሰፋ ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ነፋስ በበረታ ቍጥር ደለሉ ከታች ይነሣል፥ የቢላቴም ወንዝ በዝናብ ወራት አዲስ አፈር ይጨምርበታል። በውቅያኖስም ቢሆን ከውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፍ ብርቅ ዓሣ ይልቁን የሚታየው ሞገድ በረደ ጊዜ ነው። በአባያ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው ነጭ ዓሣ እንኳ ከታንኳው ሥር ቢያልፍ አይታይም።

አምባዛ ከአየር ሊተነፍስ ስለሚችል ጭቃውን አይፈራም፤ ዝናብ ሲጥልም እንቍላሉን ሊጥል በጐርፍ ወደ ተሸፈነው ዳርቻ ይወጣልና ያን ጊዜ በብዛት ይታያል። ይህን ያላወቀ ሹም የአምባዛውን ብዛት አይቶ መረብ ያስጨምራል፥ ነጩ ዓሣ ሲታጣም «አለቀ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ የፊተኛው ግን ይብሳል፥ እናቲቱ ከነእንቍላሏ ትያዛለችና። እንግዲህ ስለ ዓሣ ብዛት የሚላክ ጽሑፍ ሁሉ ወሩን፥ ነፋሱንና የውሃውን መልክ አብሮ ያመልክት። ወደ ሐይቁ በሚያዘነብለው ተዳፋት ላይ ያለ እርሻም እርከን ይሠራለት።