ኀዘነ ልብና ሕማመ ሥጋ

ሰው የነፍስና የሥጋ ውሕደት ነውና አንዱ ሲጨነቅ ሌላው አብሮ ይታመማል። ጭንቀት ሲጸና አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ቅመሞች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። ይህ ሲዘወተር የደም ሥሮች ይጎዳሉ።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በዚሁ በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተመራማሪዋ ክርስቲና ኦርት-ጎመርና ባልደረቦቻቸው በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው የነበሩ 292 ሴቶችን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ባለትዳር ከሆኑት መካከል ከባድ የትዳር ጭንቀት ያለባቸው፣ ከሌለባቸው ይልቅ ሕመሙ የማገርሸቱ ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የሥራ ጭንቀት ግን ይህን ያህል ልዩነት አላሳየም።

ይህ ነገር እኛን ስደተኞችን በብርቱ ይመለከተናል። በአገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ፣ የነፍስ አባትና ጎረቤት በመካከል ይገቡ ነበር። እዚህ ግን ጠቡ በረጅሙ ክረምት ከተዘጋ በር ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የታመመው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ኀዘኑንም ለሐኪሙ ይግለጥ፤ እኛም ከቅዳሴ የቀረውን ሰው ከማማት ይልቅ ደጁን እናንኳኳ። ማስታረቅና መጠየቅ የጤና ጥበቃም ናቸውና።