ከግዥው ዝርዝር በፊት መደርደሪያውን ቁጠሩ

የግዥ ወቅት ሲደርስ ዲፓርትመንቶች የመጽሐፍ ዝርዝር ይልካሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በጀቱ እስኪያልቅ ከላይ ወደ ታች ይገዛል። ከዚያ አንዱ መጽሐፍ 40 ኮፒ ሆኖ አቧራ ይጠጣል፣ ሌላው በ2 ኮፒ ተማሪውን ሁሉ ያሻማል። ይህን ለማስተካከል ውድ ሶፍትዌር አያሻም። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ካላችሁ እሱና አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃሉ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። «ስብስባችን እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። «ለሲቪል ምህንድስና ዘንድሮ ምን እንጨምር?» ግን መልስ አለው። በአንድ ዲፓርትመንት ጀምሩ፤ ሁሉን ባንዴ የጀመረ ሳይጨርስ ክረምት ይገባበታል።

ቀጥሎ ከኮሃ የሪፖርት ክፍል የምደባ ቁጥሩን፣ የኅትመት ዓመቱን፣ የኮፒውን ብዛት፣ የ3 ዓመት ውሰትና የመጨረሻውን የውሰት ቀን አውጡ። ሲስተሙ ቀን የሚይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከቆረጣችሁ የትምህርት ዘመኑ ለሁለት ይከፈላል። ከመስከረም ጀምራችሁ ቁረጡ። ግቢው የተዘጋበት ሴሚስተር ካለም ለብቻው ይቀመጥ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ውሰቱ ዜሮ ነው ማለት መጽሐፉ አልተነበበም ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ «ከገባ ወዲህ አልወጣም» ብዬ ለማስወገድ ምልክት ያደረግሁበት የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ነበር። ከመደርደሪያው ሳወርደው ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል፣ ጠርዙ በእጅ ላብ ጠቁሯል፣ መልመጃዎቹ ያሉበት ገጽ ተገንጥሎ ሄዷል። ተማሪው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሲያነበው ኖሯል፤ በስሙ ያስመዘገበው ግን የለም። በአሜሪካው ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመው ዝነኛ ጥናት፣ በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዴም እንዳልተዋሱ ሲገልጽ፣ ተቺዎቹ ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የአዳራሽ ንባብ ነበር።

ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የተተዉትን መጻሕፍት ከመመለሳችሁ በፊት ባርኮዳቸውን ስካን አድርጉ። ኮሃ ውስጥ «ስታቲስቲካል» የሚባል የተጠቃሚ ምድብ አለ፤ በዚያ ምድብ በከፈታችሁት ካርድ ላይ ስታወጡት መጽሐፉ ሳይዋስ የአዳራሽ ንባብ ሆኖ ይመዘገባል። «አንብባችሁ ስትጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ተዉልን» የሚል ወረቀትም ለጥፉ፤ ጨዋው ተማሪ ራሱ ከመለሰው ቁጥሩ ያመልጣችኋል። በሴሚስተሩ አጋማሽ 2 ሳምንት፣ ከፈተና በፊት 1 ሳምንት ብትቆጥሩ በቂ ነው።

ውሰቱንና የአዳራሽ ንባቡን ደምራችሁ ለኮፒው ብዛት አካፍሉ። 30 ኮፒ ኖሮት 60 ጊዜ የተነካ መጽሐፍ በኮፒ 2 ይደርሰዋል፤ በ2 ኮፒ 50 ጊዜ የተነካው 25። ድምሩን ብቻ ያየ የመጀመሪያውን ይገዛል። ለኤሌክትሮኒክ መጽሔቶች አሳታሚው የሚሰጠውን ካውንተር የተባለ የአጠቃቀም ሪፖርት ጠይቁ፤ አንባቢ ሞክሮ ፈቃድ ስለሌለን የተመለሰበትን ቁጥርም ያሳያል።

ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸውን ወዲያው አታውጡ። በእጃችሁ አንስታችሁ እዩ፣ አዲስ እትም መኖሩን አረጋግጡ፣ ዝርዝሩን ለዲፓርትመንቱ ልካችሁ አንድ ወር ጠብቁ፣ ከዚያ በንብረት አወጋገድ ደንቡ ሂዱ። የድሮ ነጋሪት ጋዜጣ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና ስለ አገራችን የተጻፈ ብርቅ መጽሐፍ ግን ቁጥሩ ምንም ቢሆን ይቆያሉ፤ ዛሬ የሚጠይቃቸው ባይኖር ነገ ሌላ ቦታ አይገኙም።

ለግዥ ስብሰባ ይዛችሁ የምትገቡት አንድ ገጽ ብቻ ይሁን። መምህሩ «ይህ መጽሐፍ የግድ ነው» ካሉ አትከራከሯቸው፤ የትኛው ኮርስ እንደሆነና ስንት ተማሪ እንደተመዘገበበት ጠይቃችሁ ከመጽሐፉ ስም ጎን ጻፉት።