በመንጠቆ ዓሣ ለሚያጠምዱ፤ የውሃውን ጥልቀት ስለ መለካት

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በደራ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የሚኖሩ አያሌ ገበሬዎች ከእርሻቸው ጋራ አያይዘው ዓሣ ያጠምዳሉ። ከነዚህም መካከል መረብ ለመግዛት ዐቅም ያልፈቀደለት በመንጠቆና በተንሳፋፊ ይሠራል። የዚህ አጠማመድ ወጪው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መንጠቆው ዓሣው ከሚመገብበት ጥልቀት ካልደረሰ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ባዶ እጅ መመለስ አለ። አንዳንዱ በዚህ ጊዜ ትሉን ወይም ዕድሉን ያማርራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከተንሳፋፊው እስከ መንጠቆው ያለው ክር በግምት መታሰሩ ነው።

አምባዛ በውሃው ወለል ላይ እየዞረ የሚመገብ ስለሆነ፣ ለርሱ የሚጣለው መንጠቆ ጭቃውን መንካት አለበት። ቆሮሶ በዳር በኩል፣ በደንገሉና በሣሩ አጠገብ ይገኛል፤ ለርሱ መንጠቆው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ቢል ይሻላል። ለሁለቱም ቢሆን አስቀድሞ ወለሉ የት እንደ ሆነ መታወቅ ይኖርበታል።

ለተንሳፋፊ የሚሆን ጣት የሚያህል የደረቀ ደንገል ወይም ቡሽ ይበቃል። ክሩ በመካከሉ እንዲያልፍ ይበሳና በቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ይያዛል፤ ሽብልቁ ሲላላ ተንሳፋፊው በክሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ከዚያም ተንሳፋፊውን ለማስጠም የሚችል ጠጠር በጨርቅ ተቋጥሮ የመንጠቆው ጫፍ በቋጠሮው ታችኛ ወገን ይሰካል። ጠጠሩን ከመንጠቆው በታች በክር አንጠልጥሎ መለካት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የተንጠለጠለው ክር ያህል ልኩ ይጐድላልና።

ቋጠሮው መንጠቆው በሚጣልበት በዚያው ስፍራ ቀስ ተብሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ተንሳፋፊው ሰጥሞ ከጠፋ ክሩ አጥሯል ማለት ነውና አንድ ስንዝር ወደ ላይ ይገፋ። በጐኑ ከተጋደመ ክሩ በዝቷል፤ ወደ ታች ይመለስ። ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ሲታይ የክሩ ርዝመት ከውሃው ጥልቀት ጋራ ተስተካክሏል። ክሩን ከዳር ሆኖ መወጠር አይገባም፤ ተንሳፋፊው ወደ ዳር ይሳብና ጥልቀቱ የበዛ ያስመስላል። በታንኳ ላይ ያለውም ታንኳውን በድንጋይ መልሕቅ ያስር፤ ይልቁንም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አንዱን ስፍራ ለክቶ ሌላው ላይ ማጥመድ ይመጣል። ልኩ ሲገኝ ቋጠሮው ይወለቅና መንጠቆው በዘንጉ እጀታ ላይ ተይዞ ክሩ በዘንጉ ላይ ይዘርጋ፤ ተንሳፋፊው የደረሰበት ቦታ በቢላ ይጫር። ተንሳፋፊው ቢንሸራተት ከዚህ ምልክት ጋራ ማስተያየት ቀላል ነው።

በርብና በጉማራ መግቢያ አካባቢ ግን ሌላ ችግር አለ። ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል እየወረዱ ብዙ ደለል ያመጣሉ፤ እርከን ያልተሠራለት የደብረ ታቦር አካባቢ እርሻ አፈሩ የሚያርፈው እዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ልል ጭቃ ውስጥ ክብ ጠጠር ይሰምጥና ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳያል። ስለዚህ ጠፍጣፋና ቀለል ያለ ድንጋይ ይመረጥ፤ ሲወጣም ነጩ ጨርቅ እስከ ምን ድረስ በጭቃ እንደ ተነከረ ይታይ። ጭቃው አራት ጣት ከደረሰ ከልኩ አራት ጣት ይቀነሳል። ሦስት ጊዜ ለክቶ ማመሳከር ጊዜ ማባከን አይደለም።

ውሃው ውስጥ ገብቶ በዱላ መለካትስ? ይህን አንመክርም። በሐይቁ ዳር የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ጉማሬም በዚያው ዳር ይውላል።

አንድ ጊዜ የተገኘው ልክ ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል፣ ማለት ሦስት ክንድ ያህል ነው። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ በባሕር ዳር ከተሠራ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ጐድሎ መርከቦች ጕዞ አቋርጠው ነበር። በመስከረም በተጫረ ምልክት በግንቦት የሚያጠምድ ሰው መንጠቆው ከትርፍ ክር ጋራ ጭቃ ላይ ይጠቀለልበታል።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ስለሚወጣ፣ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብም ሆነ መንጠቆ ባይጣል ይበጃል። ዕንቍላል የያዘችውን አንዲት ዓሣ መያዝ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ መቀነስ ነው።

የልማት ሠራተኞች በየቀበሌያቸው ከዳር ጀምሮ አምስት ወይም ስድስት ስፍራ መርጠው፣ በታንኳ ከሚሠራ ገበሬ ጋራ በየወሩ አንድ ቀን ቢለኩና ቀኑን፣ ስፍራውንና ጥልቀቱን በክንድና በስንዝር በደብተር ቢጽፉ ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ደብተሩም በቀበሌው ይቀመጥ፤ ሠራተኛው ሲዛወር አብሮት አይሂድ።